ከዓይን የሚያመልጠው ባክቴሪያ፦ ሳንባ ነቀርሳን የማግኘትና የመዋጋት ምርምር

ሳንባ ነቀርሳ፣ በተለምዶ ቲቢ የምንለው በሽታ፣ መድኃኒት ከተገኘለት ሰባ ዓመት አልፏል። ያም ሆኖ በ2023 በዓለም ላይ 10.8 ሚሊዮን ሰው ታሞበታል፤ 1.25 ሚሊዮን ሰው ሞቶበታል። በዚያው ዓመት በምርመራ ተገኝተው የተመዘገቡት ሕሙማን ግን 8.2 ሚሊዮን ናቸው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ2 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት የቀሩት የት ናቸው? ጥቂቶቹ ታክመው ሳይመዘገቡ ቀርተው ይሆናል። ብዙዎቹ ግን ቤታቸው ናቸው። ያስላሉ። «ብርድ መትቶኝ ነው» ብለው ከፋርማሲ የሳል ሽሮፕ ገዝተው ይጠጣሉ። አንዳንዶቹም ጤና ጣቢያ ድረስ ሄደው፣ ተመርምረው፣ «የለብህም» ተብለው የተመለሱ ናቸው። የቲቢ ምርምር ታሪክን ሳነብ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይኼ ነው። መድኃኒቱ አለ፤ በሽተኛውን በጊዜ ማግኘት ነው ያቃተን።

ቀይ ዘንግ በሰማያዊ ሜዳ

መጋቢት 15 የዓለም የቲቢ ቀን ነው። ቀኑ የተመረጠው በአንድ ንግግር ምክንያት ነው። ማርች 24 ቀን 1882 ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ በርሊን ላይ በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ የቲቢን መንስኤ ማግኘቱን አስታወቀ። እስከዚያ ድረስ በሽታው በዘር የሚወረስ ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ። ኮክ ባክቴሪያውን በቀለም ለይቶ አሳየ። ከሰውነት አውጥቶ አሳደገው። ያሳደገውን ለእንስሳት ሰጥቶ ያንኑ በሽታ አመጣ። ከሰባት ሟቾች አንዱን የሚገድለው ይህ በሽታ መሆኑንም በዚያው ንግግር ጠቅሷል።

ባክቴሪያው እስከዚያ ተሰውሮ የቆየው በልባሱ ምክንያት ነው። ሰም የመሰለ ወፍራም ቅባት ለብሷል፤ ተራ ቀለም አይዘልቀውም። ዚልና ኒልሰን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ይህንኑ ልባስ መልሰው መለያው አደረጉት። የእነሱ ዘዴ ዛሬም በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይሠራበታል።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ የአክታውን ኩባያ ትከፍታለች። ምራቅ ብቻ ከሆነ አይረባትም፤ «በደንብ ተንፍስና ከደረትህ አውጣው» ብላ ትመልሰዋለች። ጥሩ አክታ ካገኘች መግል የመሰለውን ክፍል መርጣ በስንጥር ታነሣና ስላይድ ላይ በስሱ ትቀባዋለች። ይደርቃል። እሳት ላይ ለቅጽበት ያልፋል። ከዚያ ቀይ ቀለም ታፈስበትና ከሥር ታሞቀዋለች። እንፋሎት መውጣት አለበት፤ መፍላት ግን የለበትም። ሙቀቱ ሰሙን አላልቶ ቀለሙን ያስገባል። ቀጥሎ አሲድና አልኮል ይፈስበታል። ሌላው ሁሉ ቀለሙን ይለቃል፤ የቲቢው ባክቴሪያ አይለቅም። መጨረሻ ላይ ሰማያዊ ቀለም ይደረጋል። ማይክሮስኮፑ ውስጥ ሲታይ ሰማያዊ ሜዳ ላይ ቀጫጭን ቀይ ዘንጎች ተበትነው ይገኛሉ። ካልተገኙም ወዲያው «የለም» አይባልም። ስላይዱን ከቦታ ቦታ እያንቀሳቀሰች ቢያንስ መቶ ቦታ ማየት አለባት። ብዙ ስላይድ በተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ይህ ዓይን የሚያደክም ሥራ ነው።

ዘዴው ርካሽ ነው፤ ግን ብዙ ያመልጠዋል። በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ ካልኖረ በማይክሮስኮፕ ማየት ይከብዳል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎችና ሕፃናት አክታቸው ውስጥ ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል የለም። ምልክቱ እያለባቸው ውጤቱ ነጻ ናችሁ ይላቸዋል።

የተሻለው መንገድ ባክቴሪያውን ማሳደግ ነው። ከእንቁላል በተሠራ አረንጓዴ ምግብ ላይ ይዘራና ይጠበቃል። ችግሩ የሚጠበቀው ጊዜ ነው። ተራ የአንጀት ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ ራሱን ያባዛል። የቲቢው አንድ ጊዜ ለመባዛት አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። የዳቦ ፍርፋሪ የመሰለው ክምችት በዓይን እስኪታይ ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት ይሄዳል። ስምንት ሳምንት ለሚያስል ሰው ምን ያህል ረጅም እንደሆነ አስቡት። በፈሳሽ የማሳደጊያ ዘዴ ጊዜው ያጥራል፤ እሱ ደግሞ ጥሩ ላቦራቶሪ ይጠይቃል።

መድኃኒቱና የተላመደው ባክቴሪያ

ስትሬፕቶማይሲን በ1943 አሜሪካ ውስጥ በሰልማን ዋክስማን ላቦራቶሪ ተገኘ። ከአፈር ረቂቅ ሕዋስ ለይቶ ያወጣው ተማሪው አልበርት ሻትዝ ነበር፤ በ1952 የኖቤል ሽልማቱን የወሰደው ግን ዋክስማን ብቻ ነው። መድኃኒቱ ለሞት የተቃረቡ ሰዎችን አስነሣ። ከወራት በኋላ ግን አንዳንዶቹ መልሰው ታመሙ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶ ነበር።

ከዚያ የተገኘው ትምህርት ዛሬም የሕክምናው መሠረት ነው። ቲቢ በአንድ መድኃኒት አይታከምም። አንዱን መድኃኒት የሚቋቋም ባክቴሪያ ቢኖር ሌላው ይገድለዋል። ስለዚህ የተለመደው ቲቢ ለሁለት ወር በአራት መድኃኒት፣ ቀጥሎ ለአራት ወር በሁለት መድኃኒት ይታከማል። ፈተናው ሁለተኛው ወር ላይ ነው። ሳሉ ይቆማል፣ ምግብ ይበላል፣ ሰውነት ይመለሳል። «ድኛለሁ» ብሎ ማቆም ቀላል ነው። ግን እንቅልፍ ላይ ያለው ባክቴሪያ ገና አልሞተም።

ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ የተባሉትን ሁለቱን ዋና መድኃኒቶች የሚቋቋመው ዓይነት መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይባላል። ሕክምናው ከባድ ነበር። እስከ 20 ወር ይፈጅ ነበር፤ ለወራት በየቀኑ መርፌ ነበረው። መርፌው የመስማት ችሎታቸውን ያሳጣቸው ሰዎች አሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ሕክምና በ2009 አዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ተጀመረ። ሆስፒታሉ እንጦጦ ግርጌ የሚገኝ፣ ስሙ ከቲቢ ጋር ተያይዞ የኖረ ነው።

የሕክምናውን ጊዜ ማሳጠር ይቻል እንደሆነ የመረመረው ስትሪም የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት ከአራት አገሮች በሽተኞችን ይዞ ነበር የጀመረው። ደቡብ አፍሪካ፣ ቬትናም፣ ሞንጎሊያና ኢትዮጵያ። በ2019 የወጣው ውጤት ከ9 እስከ 11 ወር የሚፈጀው ሕክምና በውጤታማነቱ ከ20 ወሩ እንደማያንስ አሳየ። በኋላ ቤዳኩዊሊን የተባለ አዲስ መድኃኒት መርፌውን ተካ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ስድስት ወር ብቻ የሚፈጅ፣ ሁሉም የሚዋጥ ሕክምና እንዲሰጥ መከረ። በእንዲህ ያሉ ጥናቶች የተሳተፉ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተቻለ።

በሁለት ሰዓት ውስጥ

በ1998 የባክቴሪያው ሙሉ የዘር መዝገብ ተነበበ። ወደ 4.4 ሚሊዮን ፊደል፣ ወደ 4,000 ጂን ነው። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያውን በጂኑ መፈለግ በእጅጉ ቀለለ። በ2010 መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት ጂንኤክስፐርት የተባለውን ማሽን ተቀበለ። አክታው ከፈሳሽ ጋር ተደባልቆ ካርትሪጅ በተባለ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ባክቴሪያውን ሰብሮ ጂኑን ያወጣል፣ ያባዛል፣ ያነባል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሁለት መልስ ይሰጣል፦ ቲቢ አለ ወይስ የለም? ሪፋምፒሲን ይሠራለታል ወይስ ተላምዶታል? በ2017 የመጣው አዲሱ ካርትሪጅ ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ያህል ባክቴሪያ ብቻ ቢኖር እንኳን ይለየዋል። ከማይክሮስኮፑ 5,000 ጋር አስተያዩት።

ማሽኑ ግን መብራት ይፈልጋል። ካርትሪጁ በጊዜው መድረስ አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ «ሁለት ሰዓት» የተባለው ውጤት በማግስቱ ሊደርስ ይችላል።

ሕፃናቱ ደግሞ ሌላ ችግር ነበራቸው። ሕፃን ልጅ አክታ አይተፋም፤ ይውጠዋል። ስለዚህ ጠዋት ምንም ሳይበላ በአፍንጫው ቱቦ ገብቶ ከሆዱ ፈሳሽ ይወሰድለት ነበር። ልጁ ያለቅሳል፣ እናት ትጨነቃለች፣ ነርሷም ትቸገራለች። የተዋጠው አክታ ግን በሰገራ መውጣቱ አይቀርም። የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ኬኤንሲቪ ከተባለው የኔዘርላንድስ ድርጅት ጋር ሆነው በዚህ ላይ ሠሩ። የደረሱበት ዘዴ በጣም ቀላል ነው። ትንሽ ሰገራ በስንጥር ተነሥቶ ጂንኤክስፐርቱ ራሱ የሚጠቀምበት ፈሳሽ ውስጥ ይጨመራል። ይናጣል፣ ይቆያል፣ እንደገና ይናጣል፣ እንደገና ይቆያል። ዝቃጩ ሲወርድ ከላይ ያለው ፈሳሽ ተቀድቶ ካርትሪጁ ውስጥ ይገባል። ሌላ ማሽንም ሆነ ሌላ ኬሚካል አያስፈልግም። እኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እንደዚህች የምወደው ግኝት የለም።

የወልድያው ቤተሰብ

አዲስ አበባ ዘነበወርቅ፣ አለርት ግቢ ውስጥ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሣሽነት የተቋቋመ ነው። ስሙን ያገኘው በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። የሥጋ ደዌና የቲቢ ባክቴሪያ የአንድ ወገን ዘመዶች ናቸውና ተቋሙ ቲቢንም ማጥናቱ ተፈጥሯዊ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ የቆየ ጥያቄ ነበር። የዕጢ ቲቢ፣ አንገት ላይ የሚያብጠው ማለት ነው፣ እዚህ አገር በብዛት ይታያል። ምክንያቱ ጥሬ ወተትና ጥሬ ሥጋ ነው፣ ከከብት የሚመጣ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። የተቋሙ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከጎንደር፣ ከወልድያ፣ ከፍቼ፣ ከጊምቢ፣ ከቡታጅራና ከሌሎችም ቦታዎች ከ900 በላይ የባክቴሪያ ናሙና አሰባስበው ጂኑን አዩ። ውጤቱ በ2013 ታተመ። የከብቱ ቲቢ በጣት የሚቆጠር ነበር። የዕጢውን ቲቢ ከሞላ ጎደል የሚያመጣው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ግን ጥሬ ወተት ችግር የለውም ማለት አይደለም። ወተት ይፈላ።

ከናሙናዎቹ መካከል የማይመስሉ ነበሩ። በዓለም ከታወቁት ስድስት ዋና ዋና የባክቴሪያው የዘር ሐረጎች ወደ የትኛውም አልገቡም። በተለይ በወልድያ አካባቢ ይገኛሉ። ሰባተኛው ሐረግ ተባሉ። በላቦራቶሪ ሲያድጉ ከሌሎቹ ይዘገያሉ። በአማራ ክልል የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በዚህ ሐረግ የተያዙ ሰዎች ሕክምና ሳይፈልጉ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆዩ አሳየ። ቀርፋፋ ባክቴሪያ ምናልባት በሽተኛውን ቶሎ አያስደነግጠውም። እስከዚያው ሰውየው ቤቱ ውስጥ ያስላል።

የኢትዮጵያ ናሙናዎች ሌላም ነገር አናወጡ። ቲቢን ከሰሐራ በታች ወዳለው አፍሪካ ያመጡት አውሮፓውያን ናቸው የሚል ግምት ነበር። በ2015 የወጣ የዘር ጥናት ይህን ተቃወመ። እዚህ ያለው የባክቴሪያ ዝርያ ብዛትና ዕድሜ፣ በሽታው እነሱ ከመምጣታቸው ከረጅም ጊዜ በፊት እዚሁ እንደነበር ያሳያል።

ክትባትና በር ማንኳኳት

ክትባትን በተመለከተ የሚባለው አጭር ነው። ቢሲጂ በ1921 ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን ተሰጠ፤ ዛሬም ያለን እሱ ብቻ ነው። ሕፃናትን ከከባዱ ቲቢ ይጠብቃል፤ ለአዋቂ ግን መከላከያው ደካማ ነው። ኤም72 የተባለ አዲስ ክትባት በ2024 የመጨረሻው ትልቅ ሙከራ ተጀምሮለታል።

ክትባቱ እስኪመጣ ያለው አማራጭ ያው መፈለግ ነው። ሲዳማ ውስጥ ከ2010 ጀምሮ የተሠራ ሥራ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በሽተኛው እስኪመጣ አልጠበቁም። ከቤት ቤት እየሄዱ «እዚህ ቤት ሁለት ሳምንት ያሳለ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ካለ አክታውን እዚያው ተቀበሉ፣ ስላይድ ላይ ቀቡ፣ አደረቁ። ስላይዱን ሌላ ባለሙያ ይዞ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። በሽታው የተገኘበት ሰው መድኃኒቱን በቀበሌው ጤና ኬላ፣ የምታውቀው የኤክስቴንሽን ሠራተኛ እያየችው ይወስዳል። ዘዴው ያው የአክታ ስላይድና ማይክሮስኮፕ ነበር። በአካባቢው የሚገኙት በሽተኞች ቁጥር ግን በእጥፍ ገደማ ጨመረ። ሰዎቹ ድሮም እዚያው ነበሩ፤ በራቸውን ያንኳኳ አልነበረም።