ብላክሊስት ምንድን ነው? ሜይሉ ከሰርቨራችን ወጥቶ ጂሜይልና አውትሉክ ጋ ለምን አይገባም?

ድሬዳዋ ከዚራ ያለ የትራንዚት ቢሮ ዲክላራሲዮኑን በሜይል ይልካል፤ ወዲያው «550» ብሎ የሚጀምር መልስ ይመጣል። ዕቃው ጅቡቲ ቆሟል፣ ደንበኛው ይደውላል። ብላክሊስት ገባን የሚባለው ይኼኔ ነው፦ ተቀባዩ ሰርቨር አይፒያችሁን (የሰርቨራችሁን የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) ወይም ዶሜይናችሁን ስፓም፣ ማለትም ያልተፈለገ የጅምላ ሜይል ላኪ ብሎ ስለመዘገበ መልእክቱን ሳይቀበል በር ላይ ይመልሰዋል።

መዝገቡ አንድ አይደለም። እንደ ስፓምሃውስ (የስፓም ላኪዎችን ዝርዝር የሚይዝ ድርጅት) ያለውን ማንም ሊጠይቀው ይችላል። ጂሜይልና ማይክሮሶፍት ግን የየራሳቸው የውስጥ መዝገብ አላቸው፤ የትም ተፈልጎ ምንም ያልተገኘበት አይፒ አውትሉክ ጋ ሊታገድ ይችላል።

ብዙ ሰው የተመለሰውን ሜይል ሳያነብ ያጠፋዋል፤ ምክንያቱ ግን ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ከጂሜይል 5.7.26 ከመጣ ብላክሊስት አይደለም፤ ኤስፒኤፍ (በዶሜይናችሁ ስም የትኛው ሰርቨር መላክ እንደሚችል የሚናገረው መዝገብ) ወይም ዲኪም (ሜይሉ ላይ ያለው ዲጂታል ፊርማ) አላለፈም ማለት ነው። 5.7.25 ከሆነ አይፒው ትክክለኛ ፒቲአር (ከአይፒው ወደ ሰርቨሩ ስም የሚመራ መዝገብ) የለውም። በ421 የሚጀምረው ጊዜያዊ ነው፤ የመላኪያ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ሰርቨሩ ራሱ ደግሞ ይሞክራል። ከማይክሮሶፍት «ኤስ3140» ከመጣ ግን እውነትም አይፒያችሁ ያለበት ኔትወርክ ታግዷል።

ስፓምሃውስን በዲኤንኤስ (ስሞችን ወደ አይፒ በሚተረጉመው ሥርዓት) ለመጠየቅ አይፒው ይገለበጣል፦ 192.0.2.10 የነበረው 10.2.0.192 ሆኖ ከኋላው የስፓምሃውስ ዜን አድራሻ (zen.spamhaus.org) ይጨመርበታል። ምንም መልስ ከሌለ አልተመዘገባችሁም። 127.0.0.4 ከመጣ ከአይፒው ጀርባ ቫይረስ የገባበት ማሽን አለ። 127.0.0.10 ወይም 11 ክስ አይደለም፤ ያ የአይፒ ክልል በቀጥታ ሜይል እንዲልክ አይጠበቅም ማለት ብቻ ነው። 127.255.255.254 ደግሞ ብዙዎችን በከንቱ ያስደነግጣል፤ እንደ 8.8.8.8 ባለ የሕዝብ ዲኤንኤስ በኩል ስለጠየቃችሁ አልመልስም ማለቱ ነው።

ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰርቨሩ ሳይሆን ጎረቤቶቹ ናቸው። የሂሳብ ክፍሉም፣ የእንግዳ ዋይፋዩም የሚወጡት በዚያው በአንዱ አይፒ ነው። በፍላሽ ቫይረስ የገባበት አንድ ኮምፒውተር በፖርት 25 (ሰርቨሮች ሜይል በሚለዋወጡበት በር) ስፓም ሲረጭ ዕዳው ሁላችሁ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ራውተሩ ላይ ወደ ውጭ የሚሄደውን ፖርት 25 ከሜይል ሰርቨሩ በቀር ለሁሉም ዝጉ። ሁለተኛው ተጠርጣሪ የተሰረቀ ፓስወርድ ነው፦ የፖስትፊክስ (የሜይል ሰርቨር ፕሮግራሙ) ወረፋ፣ ማለትም ለመላክ ተራ የሚጠብቀው ሜይል ሳይታሰብ ካበጠ ሎጉ ላይ የትኛው ተጠቃሚ እየገባ እንደሚልክ ይታያል። ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ወረፋውንም አጽዱ፤ ካልጸዳ ስፓሙ ከዚያ በኋላም መውጣቱን ይቀጥላል።

ፒቲአርን ራሳችሁ ዶሜይናችሁ ላይ አትጽፉትም፤ የሚያስገባው የአይፒው ባለቤት ነው፣ ኢትዮ ቴሌኮም ወይም ሰርቨሩን ያከራያችሁ ድርጅት። የሰርቨሩ ስም ወደ አይፒው፣ አይፒውም ወደዚያው ስም መምራት አለባቸው። ኤስፒኤፍ ለአንድ ዶሜይን አንድ ብቻ ነው፤ ከ10 በላይ የዲኤንኤስ ጥያቄ ካስነሳም ይወድቃል። የዲኪም ቁልፍ 2048 ቢት ይሁን። ጂሜይል ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቀን 5,000 ገደማና ከዚያ በላይ ለሚልክ ኤስፒኤፍን፣ ዲኪምንና ዲማርክን (ሁለቱ ካላለፉ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን መመሪያ) አንድ ላይ ይጠይቃል፤ ስፓም ነው የሚለው ቅሬታም ከ0.1% በታች እንዲሆን፣ 0.3% ጨርሶ እንዳይደርስ ይፈልጋል።

«አንሱልን» የሚለው ማመልከቻ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ምክንያቱ ሳይጠፋ ብታስነሱት ተመልሳችሁ ትገባላችሁ፣ ሁለተኛውን ማመልከቻ የሚሰማችሁም ይቀንሳል። ስፓምሃውስም ማይክሮሶፍትም ፎርም አላቸው። ጂሜይል ጋ ግን ዕገዳውን ወዲያው የሚያነሳ ቁልፍ የለም፤ ፖስትማስተር ቱልስ (ላኪዎች ስማቸውን የሚከታተሉበት የጉግል ገጽ) ላይ ዶሜይኑን አስመዝግቦ ንጹህ ሜይል ብቻ እየላኩ መጠበቅ ነው፣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። አይፒ መቀየር የሚመስለውን ያህል አያድንም፤ ታሪክ የሌለው አይፒም በጥርጣሬ ነው የሚታየው። መስመራችሁ ቋሚ አይፒና ፒቲአር የማያገኝ ከሆነ ከቢሮ በቀጥታ መላኩን ትታችሁ በፖርት 587 (በፓስወርድ ተገብቶ ሜይል በሚላክበት በር) በሌላ የሜይል አቅራቢ በኩል አሳልፉት።