ስለ ፊልምና ቴሌቪዥን ተዋናይ ሙያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የተዋናይን ሥራ ሁሉም ሰው ስለሚያየው ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለዋል። ሆኖም ተመልካች የሚደርሰው ያለቀለት ሥራ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለፈው የዓመታት ልምምድ፣ ሳይመረጡ የተመለሱባቸው ኦዲሽኖች (የተዋናይ መምረጫ ፈተናዎች)፣ በቀረጻ ቦታ ላይ ተራ ሲጠበቅ የሚያልፈው ረጅም ሰዓት አብሮ አይታይም። ከዚህ የተነሣ ስለ ሙያው የተያዙት ብዙ አመለካከቶች በሥራው ላይ ያሉትን ሰዎች የሚጎዱ፣ ሊገቡበት የሚያስቡትን ወጣቶች ደግሞ የሚያሳስቱ ሆነው ስላገኘኋቸው አንድ በአንድ ላነሣቸው ወድጃለሁ።

«ታዋቂ ተዋናይ በአንድ ጀምበር ይወጣል»

አሜሪካዊው ብራያን ክራንስተን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን፣ ዓለም ዋልተር ዋይት በተባለው ገጸ ባሕርይ ያወቀው «ብሬኪንግ ባድ» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ መታየት የጀመረው በ2008 መጀመሪያ፣ እሱ የ51 ዓመት ሰው ከሆነ በኋላ ነው። ያን ድራማ አይተው «ይህ ሰው ከየት መጣ?» ያሉ ብዙዎች ነበሩ። የመጣው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ከቆየ ሥራ ነው፤ በቀን በሚታዩ ተከታታይ ድራማዎች፣ በማስታወቂያዎች፣ በአንድ ክፍል ብቅ ብለው በሚጠፉ ገጸ ባሕርያት፣ ከ2000 እስከ 2006 ደግሞ በአንድ አስቂኝ የቤተሰብ ድራማ ውስጥ አባት ሆኖ ሲጫወት ኖሯል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ግን በ1998 «ዘ ኤክስ ፋይልስ» በተባለው ድራማ ለአንድ ክፍል ብቻ የተጫወተው ገጸ ባሕርይ ነው። የዚያ ክፍል ጸሐፊ ቪንስ ጊሊጋን የሚፈልገው፣ ተመልካች እየጠላውም ቢሆን ሊያዝንለት የሚችል ሰው መሆን የሚችል ተዋናይ ነበር፤ ክራንስተንም ሆነለት። ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ጊሊጋን «ብሬኪንግ ባድ»ን ሲያዘጋጅ ይህን ተዋናይ አስታወሰ። የጣቢያው ኃላፊዎች ሰውየውን የሚያውቁት በአስቂኝ አባትነቱ ስለነበር አመነቱ፤ ጊሊጋን ያንን የድሮ ክፍል አውጥቶ ካሳያቸው በኋላ ግን ተስማሙ። ክራንስተን በ«ብሬኪንግ ባድ» ሥራው አራት ጊዜ በምርጥ መሪ ተዋናይነት ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ወስዷል። ዕድል አልረዳውም ማለቴ አይደለም፤ ማንም ላያስታውሰው ይችል በነበረ በአንድ ክፍል ሥራ ላይ ያን ያህል ባይለፋ ኖሮ ግን ጊሊጋን ለኃላፊዎቹ የሚያሳየው ነገር አይኖረውም ነበር።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም። ሞርጋን ፍሪማን ለመጀመሪያ ጊዜ ለኦስካር ሲታጭ ዕድሜው 50 ደርሶ ነበር፤ እንግሊዛዊው አላን ሪክማንም የመጀመሪያ የሲኒማ ፊልሙ በ1988 ለዕይታ ሲበቃ የ42 ዓመት ሰው ነበር።

«ኦዲሽን ላይ ያልተመረጠ ችሎታ የለውም»

ለአንድ ገጸ ባሕርይ ተዋናይ ሲመረጥ የሚመዘነው ችሎታ ብቻ አይደለም። እናት ሆና የምትጫወተው ሴት አስቀድሞ ከተመረጠችው «ልጇ» ጋር በመልክ መመሳሰል አለባት፤ የባልየው ቁመት ከሚስቲቱ ጋር መስማማት አለበት፤ ሁለት ጎበዝ ተዋንያን ጎን ለጎን ሲቆሙ በመካከላቸው ምንም ሳይፈጠር ሊቀር ይችላል፤ አንዳንዴም የቀረጻው ጊዜ ተዋናዩ ቃል ከገባበት ሌላ ሥራ ጋር ይጋጫል። ክራንስተን ራሱ በተደጋጋሚ እንደተናገረው፣ ኦዲሽን የሚሄደው ሥራ ለማግኘት ሳይሆን ገጸ ባሕርዩን ሠርቶ ለማሳየት ነው ብሎ ማሰብ ከጀመረ ወዲህ የውጤቱ ጭንቀት ቀለለው፤ ምክንያቱም ውሳኔው የሌሎች ሰዎች ነውና።

«ስክሪን ላይ የሚታይ ሰው ሁሉ ሀብታም ነው»

በዚህ አመለካከት የተነሣ ብዙ ተዋንያን በዘመድ አዝማድ ፊት እንኳን ችግራቸውን መናገር ያፍራሉ። የፊልም ኢንዱስትሪ ትልቁ ገንዘብ በሚንቀሳቀስባት በአሜሪካ ሳይቀር፣ ወደ 160,000 የሚጠጉ አባላት ያሉት ሳግ አፍትራ የተባለው የተዋንያን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 አድማ በመታ ጊዜ ለሕዝብ ይፋ ከሆኑት ነገሮች አንዱ፣ አብዛኞቹ አባላት የማኅበሩን የጤና መድን ለማግኘት በወቅቱ ያስፈልግ የነበረውን 26,470 ዶላር የዓመት ገቢ ከትወና እንደማያገኙ ነው። አድማው ከሐምሌ ወር አጋማሽ ተነሥቶ 118 ቀናት ፈጅቷል። ከክርክሩ ዋና ጉዳዮች አንዱ ሥራው በድጋሚ በታየ ቁጥር ለተዋናዩ የሚከፈለው ገንዘብ ነበር፤ ድራማዎች ከጣቢያዎች ወደ ኢንተርኔት ሲዞሩ ይህ ክፍያ በጣም ቀንሷልና። ሌላው ጉዳይ ደግሞ የተዋናዩን መልክና ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አባዝቶ መጠቀም የሱን ፈቃድና ክፍያ ይጠይቃል የሚለው ነበር።

በአገራችን ተዋናዩ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ተስማምቶ አንድ ጊዜ ይከፈለዋል፤ ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ስንት ጊዜ ቢታይ ከሱ ኪስ ጋር ግንኙነት የለውም። ስለዚህ የምናውቀው ፊት ሁሉ ሌላ ሥራ ይዞ ቢታይ ወደቀ ብሎ ማማት ትክክል አይደለም።

«ተዋናዩ ታሪኩን እኛ እንደምናየው በተራ ይጫወተዋል»

ተመልካች ስለ ትወና ያለውን ግምት ከሥሩ የሚለውጠው ይህ ነጥብ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ማስረዳት እፈልጋለሁ። ፊልም የሚቀረጸው በታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን በቦታና በወጪ ስሌት ነው። አንድ ቤት ለሦስት ቀን ከተከራዩት፣ በዚያ ቤት ውስጥ የሚፈጸመው ነገር ሁሉ በእነዚያ ሦስት ቀናት ይቀረጻል፤ ጠዋት የባልየው ለቅሶ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀድሞ የነበረው የጫጉላ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ተዋናይቱ ገና «ያላገባችውን» ሰው ቀብራ ከተመለሰች በኋላ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የምትተዋወቀው። ይህን የምትችለው ስክሪፕቱን ደጋግማ አንብባ፣ ገጸ ባሕርይዋ በእያንዳንዱ ትዕይንት ላይ ምን እንደምታውቅ፣ ምን እንደማታውቅ፣ ምን ያህል እንደደከማት በራሷ ውስጥ ለይታ ካስቀመጠች ብቻ ነው።

ከዚህም በላይ አንዱ ትዕይንት ራሱ ብዙ ጊዜ ይደገማል። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ የአንደኛው ፊት፣ ከዚያ የሌላኛው ፊት ይቀረጻል። ስኒውን ያነሣችው «እሄዳለሁ» የሚለውን ቃል ስትናገር ከሆነ፣ በሚቀጥሉት ቀረጻዎች ሁሉ በዚያው ቃል ላይ፣ በዚያው እጅ ማንሣት አለባት፤ አለበለዚያ ኤዲተሩ ምስሎቹን ማገናኘት አይችልም። የምትቆምበት ቦታም መሬት ላይ ምልክት ተደርጎበታል፤ አንድ እርምጃ ብትስት ፊቷ ይደበዝዛል። ወደ ታች ሳትመለከት ያን ምልክት ማግኘት አለባት፤ እያለቀሰችም ቢሆን። ሁሉም ነገር ተሟልቶ እንባዋ ሲመጣ ደግሞ የመኪና ጥሩምባ ይጮሃል ወይም የጎረቤት ዶሮ ይጠራል፤ ድምፅ ቀራጩ እጁን ያነሣል፤ እንደገና ይጀመራል። በስምንተኛው ድግግሞሽ ላይ ያለቀሰችው ልቅሶ እንደ መጀመሪያው እውነት ሆኖ ሲታየን፣ የሙያው ክብደት እዚያ ላይ ነው።

«ክፉ ሰው ሆኖ የሚጫወት ራሱም ክፉ ነው»

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ የነበረውን «ሰው ለሰው» የተከታተለ ሰው አስናቀን አይረሳውም። አበበ ባልቻ ያን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው በእርጋታ፣ ድምፁን ብዙም ከፍ ሳያደርግ ነበር፤ የሚያስፈራውም ይኸው እርጋታው ነበር። ተመልካች አስናቀን መጥላቱ የተዋናዩ ሥራ መሳካቱን ያሳያል። ጥላቻው ከስክሪኑ ወጥቶ መንገድ ላይ በስድብ የሚገለጽ ከሆነ ግን ሙያተኛውን ሥራውን በሚገባ ስለሠራ መቅጣት ይሆናል። ይህ ጉዳት በሴት ተዋንያን ላይ ይብሳል፤ ቤት የምታፈርስ ሴት ሆና የተጫወተች ወጣት በሰፈሯና በቤተሰቧ ዘንድ ሳይቀር ስሟ በክፉ ሲነሣ መስማት አሳዛኝ ነው።

«መልክ ካለ ይበቃል»

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ አድማጩ ፊቱን አያይም ነበር። ሰብለ ወንጌልን፣ በዛብህን፣ ፊታውራሪ መሸሻን፣ ጉዱ ካሣን ሁሉንም በአንድ ጉሮሮ ለየራሳቸው ሕይወት ሰጥቷቸዋል፤ ትረካውን የሰማ ሰው ዛሬም መጽሐፉን ሲያነብ የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። ቆንጆ ፊት በር ሊከፍት ይችላል፤ ንግግርን በትንፋሽ መምራት፣ ዝምታ የት እንደሚገባ ማወቅ፣ የገጸ ባሕርዩን የአነጋገር ዘይቤ መያዝ ግን በልምምድ እንጂ በመስታወት ፊት አይገኝም።

«ቴአትር የሠራ ሰው ካሜራ ፊት አይቸገርም»

በሀገር ፍቅርና በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ማደግ ትልቅ ስንቅ ነው፤ በመድረክ የታወቀው ደበበ እሸቱ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ላይ መጫወቱ ለዚህ ምስክር ነው። ነገር ግን ሁለቱ ሥራዎች የሚጠይቁት መጠን የተለያየ ነው። የመድረክ ተዋናይ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ለተቀመጠው ሰው መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ድምፁን ይልካል፣ እጁን ይዘረጋል። ካሜራው ግን አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ዓይኑን ብቻ እያየ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ ቅንድብን ማንሣት እንደ ጩኸት ይቆጠራል። በተከታታይ ድራማዎቻችን ላይ የሚታየው ከመጠን ያለፈ ጩኸት አንዱ ምንጭ ይህ ይመስለኛል፤ በመድረክ የተማሩትን መጠን ለካሜራ ሳይቀንሱ ማቅረብ። ከተዋንያኑ ይልቅ ለልምምድ ጊዜ የማይሰጠው አሠራር ይወቀሳል፤ በቀረጻው ዕለት ጠዋት ስክሪፕት የተሰጠው ተዋናይ የሚያውቀውን መጠን ይጫወታል እንጂ አዲሱን የሚፈልግበት ሰዓት የለውም።