የሞራሌ ርቀት ከየት እስከ የት ይለካል?

ጅማ ውስጥ ሚኒባስን ወደ ማደሪያ መኪና ለመለወጥም ሆነ የቤት ግድግዳን በፕላይውድ ለማልበስ የተነሱ የቡድናችን አባላት፣ «ሞራሌው በ61 ሳንቲ ሜትር ይመታ» የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ደጋግመው ስለሚጠይቁ ይህን ጽፌያለሁ። ሞራሌ ፕላይውዱ በሚስማር የሚመታበት ደጋፊ እንጨት ነው። ርቀቱ የሚለካው ከአንዱ ሞራሌ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ አይደለም።

የፕላይውዱ ወርድ 122 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከማዕዘኑ ሲለካ የሁለተኛው ሞራሌ መሃል 61 ላይ፣ የሦስተኛው 122 ላይ ያርፋል፤ የሁለት ፕላይውዶች ጠርዝም በዚያው ሞራሌ ላይ ተጋጥሞ ሁለቱም ሚስማር ያገኛሉ። ነገር ግን 5 ሳንቲ ሜትር ወርድ ባላቸው ሞራሌዎች መካከል 61 ባዶ ቦታ ከተተወ፣ ሦስተኛው የሚጀምረው 132 ላይ ስለሆነ የፕላይውዱ ጠርዝ 10 ሳንቲ ሜትር ጎድሎት አየር ላይ ይቀራል።

ጠርዝ ሞራሌ ላይ ማረፉ የማይለወጥ ሕግ ነው። ርቀቱ ራሱ ግን እንደ ፕላይውዱ ውፍረት ይለያያል፤ ለስስ ፕላይውድ ወርዱን ለሦስት ከፍሎ በ40.7 ማድረግ ይሻላል። በመኪና ላይ ደግሞ ሞራሌው የሚታሰረው ከብረት አጥንቱ ጋር እንጂ ከስሱ ላሜራ ጋር ስላልሆነ፣ የአጥንቱን አቀማመጥ አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል። በጅማ ዝናብ የራሰ የባሕር ዛፍ ሞራሌ ሲደርቅ ስለሚጣመም፣ ሳይደርቅ እንዳይመታ አደራ እላለሁ።