«በራጅ ባክቴሪያው ታየ» እና ሌሎች ስህተቶች

«ባክቴሪያው በራጅ ታየ»

አልታየም። የአንድ ባክቴሪያ ርዝመት የሚለካው በሚሊሜትር ሺህኛ ነው፤ ከራጅ የበለጠ ዝርዝር የሚያሳየው ሲቲ ስካን እንኳ ይህን ያህል ደቃቅ ነገር አይለይም። ምስሉ የሚያሳየው የደረሰውን ጉዳትና የሰውነትን ምላሽ ነው፦ ነጭ ጥላ ያጠላበት ሳንባ፣ መግል የቋጠረ ጉበት፣ የተበላ አጥንት። የባክቴሪያውን ማንነት የሚናገረው ላቦራቶሪ የገባው አክታ፣ ደም ወይም መግል ነው።

«ራጁ ንጹህ ነው፤ ስለዚህ ኢንፌክሽን የለም»

ከሁሉም ይበልጥ የሚጎዳው ይህኛው ይመስለኛል። የአጥንት ኢንፌክሽን ራጅ ላይ የሚታየው አጥንቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ማዕድኑን ካጣ በኋላ ነው፤ ለዚህም ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀናት ያስፈልጋሉ። እግሩ አብጦ የሚያተኩሰው ልጅ በሦስተኛው ቀን ራጅ ቢነሳና ምንም ባይገኝ አይገርምም። በማግኔት ምስል የሚያነሳው ኤምአርአይ ግን በመቅኔው ውስጥ የተጠራቀመውን ፈሳሽ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሳያል፤ ያውም ያለ ጨረር። ኤምአርአይ በሌለበት ቦታ ሐኪሙ በምልክቱና በደም ምርመራው ተመርኩዞ መድኃኒት ቢጀምር «ምንም ሳይታይ ልጄን በመርፌ ወጋብኝ» ብሎ መውቀስ ተገቢ አይደለም።

«ሳንባው ላይ ጥላ አለ፤ ቲቢ ነው»

ከዓመታት በፊት የዳነ ቲቢም ጠባሳ ይተዋል፤ የሳንባ ምችና ካንሰርም ጥላ ያሳያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን የቲቢ ራጅ ኮምፒውተር እንዲያነብ የሚፈቅድ ምክረ ሐሳብ አውጥቷል፤ ይህ ግን ለማጣሪያነት ነው። የተጠረጠረው ሰው ከዚያ በኋላ አክታውን ይሰጣል።

«መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ራጁ ግን አልጠራም»

ሕመምተኛው ከተሻለው መታገሥ ነው። የሳንባ ምች ጥላ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ በአረጋውያን ላይ ደግሞ ይብስ።

«ፔት ስካን ላይ የሚያበራው ሁሉ ኢንፌክሽን ነው»

የተለመደው ፔት ስካን የሚከታተለው ጨረር አመንጪ የሆነ ስኳር መሰል ንጥረ ነገርን ነው። ካንሰርም፣ ባክቴሪያ ያላስከተለው ብግነትም ይህን ስኳር በብዛት ይወስዳሉ። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ሶርቢቶል ከተባለ ስኳር መሰል ነገር የተሠራ ሌላ ንጥረ ነገር በእንስሳት ላይ ሞክረው ውጤቱን አሳትመዋል። እንደ ኢ ኮላይ ያሉ የአንጀት ባክቴሪያዎች ሶርቢቶሉን ሲሰበስቡት የካንሰር ሴሎች ግን እምብዛም አይነኩትም። ይህ እንግዲህ ወደ ባክቴሪያው ራሱ የቀረበ ምስል ነው። ሆኖም የአጥንት ኢንፌክሽንን አብዝቶ የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ይህን ሶርቢቶል አይሰበስብም፤ ስለዚህ እዚህም ቢሆን ያላበራ ቦታ ሁሉ ንጹህ ነው ማለት አይቻልም።