«አዛዥ ናዛዥ» ለሴት ሲባል

«የቤቱ አዛዥ ናዛዥ እሷ ናት» ይባላል። ሥራ የምታሠራ፣ የተሠራውን ቆማ የምታይ፣ ያላረካትን የምታስደግም ሴት ናት። «ጥብቅ አሠሪ» ከማለት ይከብዳል፤ ከእሷ በላይ ይግባኝ የለም ማለት ነውና።

«አዛዥ» ከ«አዘዘ» መውጣቱ ግልጽ ነው። በቤተ መንግሥትም ማዕረግ ነበር፤ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ «አዛዥ ወርቅነህ» መባላቸው ከዚሁ ነው። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ «ናዛዥ» ነው። ግዕዙ «ናዘዘ» አጽናና ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ ሰው ለንስሐ አባቱ ኃጢአቱን ይናዘዛል፤ ሊሞት ሲልም ንብረቱን ለማን እንደሚተው ይናዘዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ «ኑዛዜ» እና «ተናዛዥ» የሚለው ሁለተኛውን ይዞ ነው። አባባሉን የምረዳው ከዚህ ተነስቼ ነው፦ አዛዥ ሥራውን ያስጀምራል፣ ናዛዥ የመጨረሻውን ቃል ይናገራል። ሁለቱ ቤት የሚመቱትም ግሦቹ በ«ዘ» ስለሚያልቁ ነው፤ «ገዛ» ብለን «ገዥ» እንደምንለው፣ አድራጊው ሲሰየም «ዘ» ወደ «ዥ» ይዞራል።

ቃሉ በራሱ ጾታ የለውም፤ ሴትነቱ የሚመጣው «ናት» ስንል ነው። በስሙ ሴት የሆነው «እመቤት» ነው፤ «እመ ቤት»፣ የቤት እናት። አንዲቷ ሴት ያንኑ ሥራ እየሠራች «እመቤት» ስትባል ትከበራለች፣ «አዛዥ ናዛዥ» ስትባል ግን ብዙ ጊዜ ትታማለች። ስለ ወንድ ሲነገር ሥልጣኑን፣ ስለ ሴት ሲነገር ጠባይዋን ለመመዘን መዋሉ ያሳዝነኛል፤ ቃሉ ይህን አልያዘም።

የሠርግ ድግስ ያየ ያውቃታል። ሽንኩርቱ ደቆ መከተፉን፣ ቁሌቱ መብሰሉን፣ ጠላው መድረሱን እየዞረች የምታይ አንዲት ባለሙያ አትጠፋም። ልጃገረዶቹ አላሳርፍ አለችን ብለው ያጉረመርማሉ፤ ወጡ ሲንተከተክ ግን «እትዬ፣ ይቅመሱት» ብለው የሚጠሩት እሷኑ ነው። ቀምሳ «ይውረድ» እስክትል ድስቱን ከምድጃው የሚያነሳ የለም፤ ናዛዥነቷም ይኸው ነው።