ስግድ፦ የቤተ እስራኤል የምህላ በዓል

ስግድ ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) በየዓመቱ በስምንተኛው ጨረቃ በ29ኛው ቀን በጾም፣ በስግደትና በኦሪት ንባብ የሚያከብሩት በዓል ነው። ወሩ በዕብራይስጥ ሔሽቫን ይባላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀኑ አንዳንድ ዓመት ጥቅምት ሳያልቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በኅዳር ይውላል። መፀው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ፣ አዝመራው ሲደርስ፣ ከተራራ አናት ላይ የቆመ ሰው አገሩን ጥርት አድርጎ በሚያይበት ወቅት ማለት ነው። ለዘመናት በጎንደር፣ በስሜን፣ በወልቃይት፣ በጸገዴና በትግራይ ተራሮች ሲከበር ኖሮ ዛሬ ማዕከሉ ኢየሩሳሌም ሆኗል። ከ2008 ጀምሮም በእስራኤል ሕግ የታወቀ በዓል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ በዓሉ በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ብዙ ተጽፏል። ጸሎቱ ሲተረጎምበት በኖረው በአማርኛ ግን የሚገኘው አብዛኛው የዕለት ዜና ነው። ይህ ዳሰሳ የተጠናቀረው ከታተሙ ጥናቶችና ከአባቶች ትረካ ሲሆን፣ ሁለቱ በተለያዩበት ቦታ ልዩነቱ ተጠቅሷል።

ስያሜውና ቀኑ

ቃሉ የግእዝ ነው፤ «ሰገደ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ከዚሁ ሥር ቤተ እስራኤል የጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ሲሉ ኖረዋል። ይህን የሰማ እንግዳ ቃሉን ከእስላም ጎረቤቶቻቸው የወሰዱት ይመስለዋል። ሥሩ ግን በግእዝም፣ በአራማይስጥም፣ በዐረብኛም ያለ የጋራ ሀብት በመሆኑ የተዋሰውንና ያዋሰውን መለየት እንዲህ ቀላል አይደለም። በዓሉ «ምህለላ» የሚባልበትም አካባቢ ነበር፤ ትርጉሙ ምህላ፣ ልመና ነው። አሁን በእስራኤል የተወለዱት ልጆች «ሲግድ» እያሉ በዕብራይስጥ አፍ ይጠሩታል።

ቀኑ የሚገኘው በቆጠራ ነው። የማስተስረያውን ቀን፣ ማለትም በቤተ እስራኤል አጠራር አስተስርዮን፣ አንድ ብሎ የጀመረ ሰው ስግድ ላይ ሲደርስ ሃምሳ ይላል። ቄሶች፣ ማለትም የቤተ እስራኤል ካህናት፣ ቆጠራውን ከፋሲካ በኋላ እስከ ማእረር በዓል ከሚደረገው የሰባት ሳምንት ቆጠራ ጋር ያነጻጽሩታል። በአስተስርዮ እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ ኃጢአት ይቅርታ ይለምናል፤ በስግድ ግን ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ሆኖ ይቆማል። ቀኑ በሰንበት ላይ ከዋለ በእስራኤል ሥርዓቱ ወደ ሐሙስ ይሳባል፤ በ2024 ኖቬምበር 28፣ ማለትም ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. የተከበረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የአመጣጡ ነገር

የበዓሉ ሥርዓት ከመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 8 እና 9 ጋር ያለውን ዝምድና ማንም አይክደውም። ከባቢሎን ምርኮ የተመለሰው ሕዝብ በአንድነት ይሰበሰባል፤ ዕዝራ ከፍ ባለ የእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ ሕጉን ያነባል፤ ሌዋውያኑም ሕዝቡ እንዲገባው ይተረጉማሉ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሕዝቡ ጾሞ፣ ማቅ ለብሶ፣ ትቢያ በራሱ ላይ ነስንሶ ይመጣል፤ የቀኑን አንድ አራተኛ የሕጉን መጽሐፍ ሲያነብ፣ ሌላውን አንድ አራተኛ ሲናዘዝና ሲሰግድ ይውላል። አንድ ቄስ ኦሪቱን በግእዝ ሲያነብ፣ ሌላው ደግሞ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ሲተረጉም ያየ ሰው ያ ምዕራፍ ገጹን ለቆ የወጣ ይመስለዋል። ልዩነቱ በቀኑ ላይ ነው፤ የነህምያ ጉባኤ የተካሄደው በሰባተኛው ወር በ24ኛው ቀን ሲሆን፣ ስግድ የሚውለው ከዚያ አንድ ወር ገደማ ዘግይቶ ነው።

በኢትዮጵያ ምድር መቼ ተጀመረ ለሚለው ጥያቄ ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛው የቄሶች ትረካ ነው። በዚህ መሠረት በዓሉ የሚጀምረው በስድስተኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ካሌብ ልጆች ዘመን በተነሣው ጠብ ነው። በስደት የተበተኑት ካህናት በየዋሻውና በየተራራው ሆነው እግዚአብሔርን ሲለምኑ ከርመው በመጨረሻ ተገናኝተው ቃል ኪዳኑን በጋራ ለማደስ ተስማሙ ይባላል። ሁለተኛው የታሪክ ተመራማሪዎች ዝንባሌ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሥርዓቱ ቅርጹን የያዘው በ15ኛው መቶ ዘመን ነው ይላሉ። ያ ዘመን አባ ሰብራ የቤተ እስራኤልን ምንኩስና የመሠረቱበት ነው። የንጉሡ የዘርዐ ያዕቆብ ልጅ እንደነበሩ የሚነገርላቸው አባ ጸጋ አምላክም አብረዋቸው ደክመዋል። ሁለቱ መልሶች የግድ አይጣሉም፤ አሮጌ ምህላ አዲስ ሥርዓት ሊለብስ ይችላል። አንዳንድ ጸሐፊዎች በዓሉ ከክርስቲያን ጎረቤቶች የተቀዳ ነው እስከ ማለት ይደርሳሉ፤ ኦሪትን ከፍቶ፣ ሕዝብን አስቁሞ የሲናን ቃል ኪዳን የሚያድስ በዓል ግን በጎረቤት ዘንድ ስለሌለ ክርክሩ ብዙ አያስኬድም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የጦርነት ነው። በ1620ዎቹ የዐፄ ሱስንዮስ ሠራዊት የስሜኑን ጌዴዎን አሸንፎ የቤተ እስራኤልን ነጻነት ካከተመ ወዲህ፣ ርስት ያጣው ሕዝብ በአንጥረኝነት፣ በሸክላ ሥራና በሽመና እየኖረ በዓሉን ጠበቀ።

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የለንደን ሚሲዮናውያን ቤተ እስራኤልን ወደ ክርስትና ለመሳብ ሲመጡ ስግድ አዲስ ክብደት አገኘ። በ1862 አባ ማህሪ የተባሉ መነኩሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ተስፋይቱ ምድር በእግር ተነሡ። ጉዞው በረኀብና በበሽታ ትግራይ ላይ ተቋጨ። ክፉ ቀን የሚባለው ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ረኀብም መንደሮችንና ገዳማትን ባዶ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የመነኮሳቱ ቁጥር ሲመናመን የበዓሉ አደራ በቄሶች ትከሻ ላይ ወደቀ።

በአምቦበር

ስለ አሮጌው ስግድ ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው በጎንደር አካባቢ ካለችው ከአምቦበር መንደር ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አምቦበር ትልቅ መንደር ነበረች፣ ትምህርት ቤት ነበራት፣ ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ ጀምሮም የውጭ እንግዶች ካሜራቸውን ይዘው የሚመጡት ወደ እርሷ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ እስራኤል ተልከው በክፋር ባትያ የወጣቶች መንደር ከተማሩት 27 ወጣቶች መካከል ተመልሰው በአካባቢው ትምህርት ቤቶች ያስተማሩ ነበሩ፤ እነርሱም ለእንግዶቹ አስተርጓሚ ሆነዋል። በትግራይም ሕዝቡ በየአካባቢው ባሉ ተራሮች ላይ ያከብር ነበር።

ዝግጅቱ ከዋዜማው ይጀምራል። ወንዶችም ሴቶችም ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ፣ ልብሳቸውን ያጥባሉ። ከሩቅ መንደር የሚመጡት ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት መንገድ ይጀምራሉ፤ አምቦበር የደረሱት በየዘመዱ ቤት ያድራሉ። ዳቦው ይጋገራል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ የሚታረደው ከብት ይዘጋጃል። በንጽሕና ሕግ ምክንያት በመርገም ጎጆ፣ ማለትም በወር አበባ ጊዜ በሚቀመጡበት ቤት፣ ያሉ ሴቶች ወደ ተራራው አይወጡም።

ጠዋት ቄሶቹ ነጭ ለብሰው፣ ጥምጥም ጠምጥመው፣ ጭራ ይዘው ከጸሎት ቤት ይወጣሉ። በጨርቅ የተጠቀለለው ኦሪት ከፊት ይሄዳል፤ በላዩም ቀለማቸው የደመቀ ጃንጥላዎች ይዘረጋሉ። ይህ ኦሪት እንደሌሎች አይሁድ የተጠቀለለ ሳይሆን የተጠረዘ የብራና መጽሐፍ ነው። ከሙሴ አምስቱ መጻሕፍት ጋር ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን ይይዛል። ነጋሪቱ ይጎሰማል፣ ቃጭሉ ይመታል፣ ሕዝቡ ይከተላል። ሲወጣ ብዙ ሰው ድንጋይ ይሸከማል፤ በራሱ ላይ ወይም በትከሻው ላይ። ድንጋዩ የትሕትናና የንስሐ ምልክት ነው። ዳገቱ ደግሞ በራሱ ስብከት ነበር፤ ጾመኛ ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ ሲወጣ ያየ ልጅ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ተራራው አናት ላይ በድንጋይ የታጠረ ንጹሕ ቦታ አለ። ቄሶቹ ከኦሪቱ ጋር በመካከል ይቆማሉ። ከኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 19 እና 20፣ ማለትም ሕጉ በሲና የተሰጠበት ክፍል፣ ከዘዳግም፣ ከዕዝራና ከነህምያ ይነበባል። ጸሎቱ በግእዝ ሲሆን፣ በመካከሉ የቀድሞው የአገው ቋንቋ ዐረፍተ ነገሮች ይሰማሉ። ሕዝቡ ይሰግዳል፣ እጁን ወደ ሰማይ ይዘረጋል፣ «አሜን» ይላል። ንባቡ ካበቃ በኋላ ቄሶችና ሽማግሌዎች ይመክራሉ፣ ይገሥጻሉ፣ የተጣላ ካለ ያስታርቃሉ። ዓመቱን ሙሉ በየመንደሩ ተበትኖ ለሚኖር ሕዝብ ይህ ቀን ሸንጎም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰልፉ በዘፈንና በእልልታ ይወርዳል። ጾሙ በጸሎት ቤቱ ዙሪያ በዳቦ፣ በሥጋ ወጥና በጠላ ይፈታል፤ ጠዋት አንገቱን ደፍቶ የወጣው ሰው ማታ እስክስታ ይመታል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያየ እንግዳ በዓሉን አላየውም። በኢየሩሳሌም ናፍቆት የተሞላ ደስታ ነበር። የጎንደር ልጆች መንጋ ሆነው የሚበሩ ሽመላዎችን ባዩ ቁጥር አገራችን ኢየሩሳሌም እንዴት ናት እያሉ ይጠይቋቸው ነበር፤ «አገራችን» የሚለው ቃል ያኔ የሚያመለክተው ያልታየችውን ከተማ ነው። ዛሬ በኔታንያና በረሖቦት ያሉ ሴት አያቶች «በአገራችን» ሲሉ ጎንደርን ማለታቸው ነው።

ወደ ኢየሩሳሌም

በ1973 በእስራኤል የሴፋርዲም (የስፔንና የምሥራቅ አገሮች ዝርያ ያላቸው አይሁድ) ዋና ራቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ዘሮችና ሙሉ አይሁድ መሆናቸውን ወሰኑ። በ1975 አይሁድ ወደ እስራኤል ገብተው ዜጋ እንዲሆኑ የሚፈቅደው የመመለሻ ሕግ እንዲመለከታቸው ተደረገ። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በሙሴ ዘመቻ 8 ሺህ ያህል ሰዎች ከሱዳን ተወሰዱ፤ በእግር ጉዞውና በመጠለያዎቹ 4 ሺህ ገደማ ወገኖች እንዳለቁ ይገመታል። በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ። የአምቦበር ተራራ ያለ ሰጋጅ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። ሲለምኑት የኖሩት ኢየሩሳሌም መግባትን ከሆነ፣ ከገቡ በኋላ ስግድ ለምን ይቀጥላል? ጥያቄውን ያነሡት ከውጭ ያሉ ራቢዎች ብቻ አልነበሩም፤ ከማኅበረሰቡ ወጣቶችም የጠየቁ ነበሩ። የቄሶቹ መልስ አጭር ነው፦ ቤተ መቅደሱ አልተሠራም፤ ቃል ኪዳን ደግሞ በየዓመቱ መታደስ አለበት። ጥያቄው በቀረበበት ዘመን የዋናው ራቢ ጽሕፈት ቤት ከመጤዎቹ የመንጻት ጥምቀት ይጠይቅ እንደነበረ፣ በ1985 መጸውም ማኅበረሰቡ በኢየሩሳሌም አንድ ወር ያህል በአደባባይ ተቀምጦ እንደተቃወመ ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያ ሁኔታ ስግድን መተው ትንሽ ነገር አልነበረም።

ሥርዓቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጽዮን ተራራና በምዕራባዊው ግንብ ከተከበረ በኋላ፣ አርሞን ሐናጺቭ በተባለው ሰፈር ወዳለው መናፈሻ ተዛወረ። ቦታው ቤተ መቅደሱ የነበረበትን ኮረብታ ከደቡብ በኩል ፊት ለፊት ያሳያል። ከአሽዶድ፣ ከአሽቀሎን፣ ከቤር ሼቫ፣ ከሃይፋና ከሌሎችም ከተሞች በአውቶቡስ የሚመጣው ሕዝብ በሺዎች ይቆጠራል። ቄሶቹ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከፍ ባለ መድረክ ላይ ይቆማሉ፤ በጎንደር ከፀሐይ ጋር የተያያዘው ጃንጥላ እዚህ አንዳንድ ዓመት የመጀመሪያውን ዝናብ ይከላከላል። ድንጋይ የሚሸከም አሁን ጥቂት ነው። የሚበዛው ወታደራዊ ልብስ የለበሰ ወጣት፣ በነጠላ የተሸፈነች እናት፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጽ ተማሪ ነው።

የእስራኤል ምክር ቤት የስግድን ሕግ ያጸደቀው በጁላይ 2008 ነው። ሕጉ ቀኑን ከመንግሥት በዓላት ጎራ ያስገባዋል፤ ትምህርት ቤቶችም እንዲያስቡት ያደርጋል። ሥራ አይዘጋም፤ የፈለገ ሠራተኛ ግን ፈቃድ ሊወስድ ይችላል። ከዚህ በኋላ ፕሬዚዳንቶች፣ ጠቅላይ ሚኒስትሮችና የምክር ቤት አባላት በመድረኩ መታየታቸው የተለመደ ሆኗል። ክብሩ የሚያስደስት ነው። ንግግሩ ግን አንዳንድ ጊዜ ጸሎቱን በመካከል የሚያቋርጥ መሆኑን ሽማግሌዎቹ አይወዱትም፤ እውነታቸውን ነው።

ቄሶቹ በእስራኤል የራቢዎች ሥርዓት ውስጥ ያላቸው ቦታ እስካሁን ያከራክራል፤ ጋብቻ ማስፈጸምን የመሰለው ሥልጣን ላይ ያለው ቅሬታ አልተዘጋም። በስግድ ቀን ግን መድረኩ የእነርሱ ነው። በእስራኤል የተማሩ ወጣት ቄሶችም ግእዙን ከአባቶቻቸው ተቀብለው እያነበቡ ነው። ከትውልደ ኢትዮጵያ ውጭ ያሉ እስራኤላውያን የሚመጡበት ቁጥርም ጨምሯል፤ በዓሉ የአይሁድ ሁሉ ይሁን የሚል ሐሳብ ይሰማል። በማኅበረሰቡ ውስጥ ይህን በደስታ የሚቀበልም፣ ሥርዓቱ እንዳይቀል የሚሰጋም አለ። የትውልደ ኢትዮጵያውያኑ ቁጥር በእስራኤል ከ160 ሺህ በላይ ነው፤ በእስራኤል የተወለደው ወገን ደግሞ አምቦበርን የሚያውቀው በወላጆቹ ወሬና በፎቶግራፍ ነው።

በኢትዮጵያም በዓሉ ፈጽሞ አልጠፋም። በጎንደርና በአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ለመሄድ ለዓመታት ሲጠባበቁ የቆዩ ቤተሰቦች በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። አባቶቻቸው ወደ ክርስትና ገብተው ስለነበር ሌሎች «ፈለስ ሙራ» ቢሏቸውም ስያሜውን እነርሱ አይወዱትም። ብዙዎቹ የሚጸልዩት በዕብራይስጥ ሲሆን፣ ለሚመጣው እንግዳ የሚሰጡት ማብራሪያ በአማርኛ ነው።