ብረት ቂም ሲይዝ፦ በተረጨ ልባስ ውስጥ የሚቀር ውጥረት

ደብረ ማርቆስ ላይ የላሜራ በር ሲበየድ ቆሞ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በያጁ ጨርሶ ጭንብሉን ያነሳል። ላሜራው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ግን ቀስ ብሎ ይጣመማል። ያኔ መዶሻውን አንስቶ ብየዳውን ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል። ከውጭ የተጫነው የለም፤ ቂሙ ውስጡ ነው። መሐንዲሶች «ቀሪ ውጥረት» ይሉታል።

በሙቀት የሚረጭ ልባስም ያው ጣጣ አለበት። ዱቄት ወይም ሽቦ ቀልጦ በኃይል ብረት ላይ ይረጫል። ያለቀ ዘንግ ይሞላል፣ ዝገት ይከላከላል። የተርባይን ምላጭ በደለል እንዳይበላ የተንግስተን ካርባይድ (እጅግ ጠንካራ ቁስ) ልባስ መርጨት በብዙ አገር የተለመደ ነው። ክረምት ላይ ዓባይን ላየ ጎጃሜ ስለ ደለል መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ውጥረቱ የሚመጣው ከሦስት ነገር ነው። ጠብታው እንደ ሊጥ ተዘርግቶ ዓይን ሳይጨፈን ይረጋል። መኮማተር ይፈልጋል፣ ሥሩ ያለው ብረት ይይዘዋል። አዲስ የተመረገ ግድግዳ ሲደርቅ ለምን ይሰነጠቃል? በዚሁ ምክንያት። ሴራሚክ ከሆነ አብዛኛውን ውጥረት በጥቃቅን ስንጥቆች ይተነፍሰዋል። ቀጥሎ ልባሱና ብረቱ አብረው ይቀዘቅዛሉ። ብረት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከርዝመቱ በሚሊዮን 12 እጅ ያህል ይኮማተራል፤ አሉሚና የሚባለው ሴራሚክ 8 ያህል ብቻ። ስለዚህ ብረት ላይ ያለ አሉሚና ይታመቃል። ሦስተኛው የበያጁ መዶሻ ነው፦ በከፍተኛ ፍጥነት የተረጨ፣ በቅጡ ያልቀለጠ ቅንጣት ከታች ያለውን ንብርብር ይቀጠቅጠዋል፣ ያምቀዋል።

እንዴት ይለካል? ቀላሉ መንገድ ስስ ብረት ላይ ረጭቶ ምን ያህል እንደጎበጠ ማየት ነው። ስቶኒ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1909 በኒኬል ቅብ ላይ ያወጣው ቀመር ጉብጠቱን ወደ ውጥረት ይመነዝራል። ግን ልባሱ በጣም ስስ ሲሆን ብቻ ነው። ወፍራም ከሆነ ንብርብሩን አንድ በአንድ እየደረቡ ማስላት ይሻላል፤ ትሱይና ክላይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ያቀረቡት ስሌት እንዲህ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው የልባሱን ግትርነት ከመጽሐፍ ገልብጦ ሲያስገባ ነው። የተረጨ ሴራሚክ ቀዳዳና ስንጥቅ ስላለው ግትርነቱ ብዙ ጊዜ ከድፍኑ ግማሽ አይሞላም። ውጤቱም በዚያው ልክ ይጋነናል።

ሌላው ዘዴ ዙሪያውን የመለጠጥ መለኪያ ለጥፎ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ መብሳት ነው፤ ሲበሳ ውጥረቱ ይላላል፣ መለኪያው ያንን ያነባል። ኤክስሬይም አለ፤ እሱ ግን የሚያነበው ቆዳውን ብቻ ነው። ወደ ውስጥ ለመግባት ልባሱን እየፋቁ መለካት ያስፈልጋል። መፋቁ ራሱ ደግሞ ውጥረቱን ስለሚለውጠው ያ ለውጥ ተሰልቶ ይታረማል።